በሽማግሌ ፊት የጸና ጋብቻ በመዝገብ ካልተደገፈ ባሕር አይሻገርም

ከአዲስ አበባ ወደ መቀሌ በሚወስደው አውራ ጎዳና በወልዲያና በአላማጣ ከተሞች መካከል የምትገኘው ቆቦና በዙሪያዋ የተንጣለለው የራያ ቆላ በማሽላና በጤፍ ምርታቸው እንዲሁም በቆቦ ጊራና ሸለቆ የመስኖ ልማት ይታወቃሉ፡፡ አካባቢው ከዚህ ባልተናነሰ ስሙ የሚነሳው በልጆቹ ስደት ነው፡፡ ከዞብል ተራሮች ማዶ በአፋር ሜዳ አቋርጦ ወደ ጅቡቲው የኦቦክ ጠረፍ፣ ከዚያም በየመን በኩል ወደ ሳዑዲ ዓረቢያ የሚያመራው አደገኛ መንገድ ለቆላው ወጣት እንግዳ አይደለም፡፡

ከስደተኞቹ አብዛኞቹ መዳረሻቸውን ዓረብ አገራት ቢያደርጉም፣ በአሜሪካ፣ በካናዳ፣ በአውሮፓና በአውስትራሊያ ኑሯቸውን የመሠረቱ የአካባቢው ተወላጆችም አሉ፡፡ ስደት ሲነሳ በአብዛኛው የሚወራው ስለ ሄዱት ነው፡፡ አንደኛው ወገን ባሕር ማዶ፣ ሌላው ቆቦ የቀረበት ትዳር ግን እምብዛም አይነሳም፡፡ ይህን ትዳር በአንድ ጣሪያ ሥር ለማሰባሰብ ያለው ዋነኛው ሕጋዊ መንገድ በትዳር አጋር ስፖንሰርነት ለቋሚ የመኖሪያ ፈቃድ ማመልከት ነው፡፡

መንገዱ ሕጋዊ ቢሆንም ቀላል አይደለም፡፡ ብዙዎች ችግሩ የሚጀምረው በኤምባሲ ደጃፍ ይመስላቸዋል፡፡ ጉዳዩ በጥልቀት ሲታይ ግን የማመልከቻው ዕጣ በአብዛኛው የሚወሰነው ከዚያ አስቀድሞ፣ ጋብቻው በተፈጸመበት ቀበሌ መዝገብ ላይ ነው፡፡

አንድ ቃል፣ ሁለት ትርጉም

በራያ ቆላ “ስፖንሰር” የሚለው ቃል ይበልጥ የሚታወቀው ከዓረብ አገራት ሥራ ጋር ተያይዞ ነው፡፡ በባሕረ ሰላጤው አገራት ለረጅም ዘመን በሠራው የከፋላ ሥርዓት ስፖንሰሩ አሠሪው ሲሆን፣ የሠራተኛው የመኖሪያ ፈቃድ ማለትም ኢቃማው ከአሠሪው ጋር የተሳሰረ ነው፡፡ ሳዑዲ ዓረቢያ እ.ኤ.አ. በማርች 2021 ሥራ ላይ ያዋለችው ማሻሻያ ሠራተኞች አሠሪ የሚለውጡበትን ሁኔታ ቢያላላም የቤት ሠራተኞችን አላካተተም፡፡ በዚህ ሥርዓት ውስጥ አንድ ሠራተኛ ለብዙ ዓመታት በመቆየቱ ብቻ ቋሚ ነዋሪ አይሆንም፡፡ ከኅዳር 2006 ዓ.ም. ጀምሮ በነበሩት ጥቂት ወራት ብቻ ከ160 ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያን ከሳዑዲ ዓረቢያ ወደ አገራቸው እንዲመለሱ መደረጉ የዚህን ኑሮ ጊዜያዊነት በግልጽ ያሳየ ክስተት ነበር፡፡

በምዕራቡ ዓለም የቤተሰብ ሕግጋት ስፖንሰር ሲባል ትርጉሙ ሌላ ነው፡፡ ስፖንሰሩ አሠሪ ሳይሆን ባል ወይም ሚስት ነው፤ ሥራውም ከአገራችን ዋስ ጋር ይቀራረባል፡፡ የሚመጣው የትዳር አጋር የመንግሥት ሸክም እንዳይሆን በገቢው ይዋሳል፣ ትዳሩ እውነተኛ ስለመሆኑም በፊርማው ያረጋግጣል፡፡ ሁለቱን ትርጉሞች አለመለየት ጉዳት አለው፡፡ ለዓረብ አገር ጉዞ የተለመደው አካሄድ፣ ማለትም ጉዳዩን ለደላላ አሳልፎ መስጠት፣ የተባለውን መፈረምና የተጠየቀውን መክፈል፣ በትዳር ስፖንሰርነት ማመልከቻ ላይ ሲሠራበት ጉዳዩን ከመነሻው ያበላሸዋል፡፡

ሕጉ የሚጠይቀው

በአሜሪካ አሠራር ሂደቱን የሚጀምረው እዚያ የሚኖረው ወገን ነው፡፡ ቅጽ አይ-130 የተባለውን ማመልከቻ ለአገሪቱ የዜግነትና የኢሚግሬሽን አገልግሎት ያስገባል፡፡ ማመልከቻው ሲጸድቅ ጉዳዩ ወደ ብሔራዊ የቪዛ ማዕከል፣ ሰነዶቹ ሲሟሉም ወደ አዲስ አበባው ኤምባሲ ይተላለፋል፡፡ አመልካቹ የሕክምና ምርመራ አድርጎ ለቃለ መጠይቅ የሚቀርበው ከዚህ በኋላ ነው፡፡

በዚህ ረገድ በዜጋና በግሪን ካርድ ባለቤት መካከል ያለው ልዩነት ከፍተኛ ነው፡፡ የአሜሪካ ዜጋ ባለቤት በዓመታዊ የቪዛ ኮታ አትገደብም፡፡ የግሪን ካርድ ባለቤት ባለቤት ግን በየዓመቱ በተወሰነ ቁጥር በሚሰጥ ቪዛ ተራ የምትጠብቅ በመሆኑ፣ ጥበቃው ዓመታት ሊወስድ ይችላል፡፡ አመልካቹ ባል በመሃሉ ዜግነት ካገኘ ጉዳዩ ወደ ፈጣኑ መስመር ይዛወራል፡፡ ይሁንና እዚህ ላይ ብዙ ቤተሰብ የሚስተው ነጥብ አለ፡፡ ዜጋው ለሚስቱ ያስገባው ማመልከቻ ልጆችን አያጠቃልልም፤ ለእያንዳንዱ ልጅ የራሱ ማመልከቻ ያስፈልጋል፡፡

ሌላው ጉዳይ ገቢ ነው፡፡ ስፖንሰሩ ቅጽ አይ-864 በተባለው የዋስትና ሰነድ ገቢው አገሪቱ በየዓመቱ ከምታወጣው የድህነት ወለል ቢያንስ 125 በመቶ መሆኑን ማሳየት አለበት፡፡ እ.ኤ.አ. በ2025 ተመን ይህ ለሁለት ሰው ቤተሰብ በዓመት 26 ሺህ 437 ዶላር ገደማ ነበር፡፡ ዋስትናው ትዳሩ በፍቺ ቢፈርስም አይቋረጥም፡፡ የሚቋረጠው የመጣው ሰው ዜግነት ሲያገኝ፣ አሥር ዓመት የሚያህል የሥራ ጊዜ ሲቆጠርለት፣ አገሪቱን ለቆ ነዋሪነቱን ሲያጣ ወይም በሞት ነው፡፡

ሌሎች አገሮችም በየራሳቸው መንገድ ተመሳሳይ ጥያቄ ያነሳሉ፡፡ በካናዳ ስፖንሰሩ ለትዳር አጋሩ የሦስት ዓመት የድጋፍ ግዴታ ይፈርማል፤ በአብዛኛው ጊዜ ግን ዝቅተኛ የገቢ ወለል አይጠየቅም፡፡ አውስትራሊያ በመጀመሪያ ጊዜያዊ፣ በመደበኛው አሠራር ማመልከቻው ከገባ ከሁለት ዓመት በኋላ ደግሞ ቋሚ ፈቃድ የምትሰጥበትን የሁለት ደረጃ አሠራር ትከተላለች፡፡ ብሪታንያ በበኩሏ ከስፖንሰሩ የምትጠብቀውን ዓመታዊ ገቢ እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 2024 ከ18 ሺህ 600 ወደ 29 ሺህ ፓውንድ ከፍ አድርጋለች፡፡

ትዳርን በጊዜ መፈተን የውጭ አገራት ብቻ ልማድ አይደለም፡፡ በኢትዮጵያ የዜግነት አዋጅ ቁጥር 378/1996 መሠረት ኢትዮጵያዊ ያገባ የውጭ ዜጋ በጋብቻ ምክንያት ዜግነት ለማግኘት ጋብቻው ከተፈጸመ ቢያንስ ሁለት ዓመት ያለፈው መሆን፣ አመልካቹም ከማመልከቻው በፊት ቢያንስ አንድ ዓመት በአገሪቱ የኖረ መሆን ይኖርበታል፡፡

ከቆቦ የሚጀምረው ሰነድ

በራያ ቆላ ጋብቻ በሽማግሌ ተጠይቆ፣ በወላጆች ስምምነትና በድግስ የሚጸና ነው፡፡ ክርስቲያኑ በሰማንያ ውል ወይም በቤተ ክርስቲያን ሥርዓት፣ ሙስሊሙ በኒካህ ይጋባል፡፡ የተሻሻለው የፌዴራል የቤተሰብ ሕግ አዋጅ ቁጥር 213/1992 በክብር መዝገብ ሹም፣ በሃይማኖትና በባሕል የሚፈጸሙ ጋብቻዎችን በእኩል ዓይን የሚያይ ሲሆን፣ የአማራ ክልልም በ1995 ዓ.ም. የራሱን የቤተሰብ ሕግ በአዋጅ ቁጥር 79 አጽድቋል፡፡ በሦስቱም መንገዶች የተፈጸመ ጋብቻ ሕጋዊ ነው፡፡ በየትኛውም መንገድ ይፈጸም ግን እንዲመዘገብ ሕጉ ያዛል፡፡

ክፍተቱ የሚታየው በዚህ ላይ ነው፡፡ የወሳኝ ኩነት ምዝገባ አዋጅ ቁጥር 760/2004 ቢወጣም ምዝገባው በአገር አቀፍ ደረጃ የተጀመረው ከሐምሌ 30 ቀን 2008 ዓ.ም. አንስቶ ነው፡፡ ከዚያ ወዲህ የሚፈጸም ጋብቻ በ30 ቀናት ውስጥ መመዝገብ የሚኖርበት ሲሆን፣ ቀደም ሲል የተፈጸመው ደግሞ በነባርነት የሚመዘገብበት አሠራር ተዘርግቷል፡፡ ሆኖም የገጠሩ ነዋሪ የጋብቻ የምስክር ወረቀት የሚፈልገው ጉዳይ ሲገጥመው ብቻ በመሆኑ፣ ብዙ ጥንዶች ወደ ቀበሌ የሚሄዱት ባል ከሄደ ከዓመታት በኋላ ነው፡፡ ከሠርጉ አሥር ዓመት ዘግይቶ፣ የቪዛ ማመልከቻው በገባበት ሰሞን የወጣ የምስክር ወረቀት በቆንስላ ሹሙ ዘንድ ጥያቄ ማስነሳቱ አይቀርም፡፡ እንዲህ ያለው ማስረጃ የሠርግ ፎቶግራፍ፣ የሰማንያ ውሉ ወይም የኒካህ ወረቀቱና የልጆች የልደት ምዝገባ ካልታከሉበት ብቻውን ደካማ ነው፡፡

የቀንና የስም ጉዳይም በቀላሉ የሚታይ አይደለም፡፡ በአካባቢው ሠርግ የሚታወሰው ከዕለቱ ቁጥር ይልቅ በዋለበት በዓልና በወሩ ነው፡፡ በጥር 13 ቀን 2008 ዓ.ም. የተጋቡ ጥንዶች ሠርግ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ጃንዋሪ 22 ቀን 2016 ይውላል፡፡ ባል በቅጹ ላይ አንዱን፣ ሚስት በቃለ መጠይቁ ሌላውን ቀን ብትናገር ስህተቱ የአቆጣጠር ልዩነት መሆኑን ማስረዳት ያለባቸው እነርሱ ናቸው፡፡ ስምም እንዲሁ ነው፡፡ ኢትዮጵያዊት ስታገባ የአባቷን ስም አትለውጥም፤ የውጭው ቅጽ ግን የቤተሰብ ስም ይጠይቃል፡፡ አንድ ስም በቀበሌ መታወቂያ፣ በፓስፖርትና በጋብቻ የምስክር ወረቀት ላይ በሦስት ዓይነት የላቲን ፊደል አጻጻፍ ሰፍሮ ሲገኝ ጉዳዩ ለተጨማሪ ማጣራት ይቆያል፡፡

ከዚህ የበለጠ የሚከብደው የዕድሜ ጉዳይ ነው፡፡ ለዓረብ አገር ሥራ ሲባል ዕድሜያቸውን አስጨምረው ፓስፖርት ያወጡ ወጣት ሴቶች ጥቂት አይደሉም፡፡ በጋብቻ መዝገቡ ላይ እውነተኛው፣ በፓስፖርቱ ላይ የተጨመረው ዕድሜ ሲገኝ ሁለቱ ሰነዶች እርስ በርስ ይካሰሳሉ፡፡ ዕድሜው ከ18 ዓመት በታች በሆነ ሰው የተፈጸመ ጋብቻ ደግሞ የአገሪቱን ሕግ የሚጥስ በመሆኑ፣ ለቪዛ መሠረት ሊሆን ቀርቶ በራሱ የሚያስጠይቅ ነው፡፡

ከሳዑዲ የተመለሱ አመልካቾች በተለይ ሊጠነቀቁበት የሚገባ ሌላም ነገር አለ፡፡ የአሜሪካ የስደተኛ ቪዛ አመልካች ከ16 ዓመት ዕድሜው በኋላ ለአሥራ ሁለት ወራትና ከዚያ በላይ የኖረበትን አገር የፖሊስ ማስረጃ ይጠየቃል፡፡ በባሕር ተሻግሮ ያለ ሕጋዊ ሰነድ የኖረ ሰው የቆየበትን ጊዜ ጨርሶ ለመደበቅ ይፈተናል፡፡ በሌላ አገር ያለ ፈቃድ መኖር በራሱ የአሜሪካን ቪዛ በር የሚዘጋ ምክንያት አይደለም፡፡ ለጉዳዩ ወሳኝ የሆነን እውነት ደብቆ ወይም ሐሰት ተናግሮ መገኘት ግን ዕድሜ ልክ የሚዘልቅ ክልከላ ሊያስከትል ይችላል፡፡

የጦርነቱ ክፍተት

የቆቦ አመልካቾችን ከሌላው አካባቢ ለየት የሚያደርጋቸው በቅርብ ዓመታት ያለፉበት ሁኔታ ነው፡፡ በሰሜኑ ጦርነት ቆቦ ከሐምሌ 2013 ዓ.ም. ጀምሮ ለወራት፣ ዳግመኛም ከነሐሴ 2014 ዓ.ም. መጨረሻ አንስቶ በሕወሓት ኃይሎች ቁጥጥር ሥር ቆይታለች፡፡ በሰሜን ወሎ በርካታ የመንግሥት ተቋማት ተዘርፈዋል፣ ወድመዋል፡፡ የባንክና የስልክ አገልግሎት ተቋርጦ የነበረ ሲሆን፣ ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ወዲህም በክልሉ በተፈጠረው የጸጥታ ችግር ሳቢያ የኢንተርኔት አገልግሎት ለወራት ተቋርጧል፡፡

ትዳርን ለማስረዳት የሚቀርበው ማስረጃ በአብዛኛው የገንዘብ መላኪያ ደረሰኝ፣ የስልክና የመልእክት ልውውጥ እንዲሁም የጉብኝት ቲኬት ነው፡፡ በእነዚህ ወራት ያልተላከ ገንዘብና ያልተደወለ ስልክ በማኅደሩ ውስጥ ባዶ ቦታ ሆኖ ይታያል፡፡ አመልካቾች ይህን ክፍተት ሳይጠየቁ በጽሑፍ ቢያስረዱ፣ አገልግሎቱ የተቋረጠበትን ጊዜ በቀን ቢጠቅሱና ከዚያ በፊትና በኋላ የነበረውን ግንኙነት ቢያያይዙ ባዶው ቦታ የመለያየት ምልክት ተደርጎ እንዳይወሰድ ይረዳቸዋል፡፡ ሰነድ የጠፋባቸው ደግሞ ምትክ የምስክር ወረቀት ለማውጣት ወይም ትዳራቸውን በምስክር በፍርድ ቤት ለማስረዳት ጊዜ መስጠት ይኖርባቸዋል፡፡

ከዚሁ ጋር የተያያዘው ሌላው እንቅፋት በውክልና የሚፈጸም ጋብቻ ነው፡፡ ሙሽራው ባሕር ማዶ ሳለ በወኪሉ ወይም በስልክ ኒካህ የሚታሰርበት ጊዜ አለ፡፡ ካናዳ እ.ኤ.አ. ከጁን 2015 ጀምሮ ከጥንዶቹ አንዱ በአካል ያልተገኘበትን ጋብቻ ለስፖንሰርነት አትቀበልም፡፡ የአሜሪካ ሕግም ጥንዶቹ ከጋብቻው በኋላ በአካል ተገናኝተው በትዳር ካልኖሩ እንዲህ ያለውን ጋብቻ አይቆጥርም፡፡ የፌዴራሉ የቤተሰብ ሕግም ቢሆን ተጋቢዎች በአካል እንዲገኙ የሚያዝ ሲሆን፣ ውክልናን የሚፈቅደው በከባድ ምክንያትና በፍትሕ ሚኒስቴር ፈቃድ ብቻ ነው፡፡ በሃይማኖት የጸናው ኒካህ እንደተጠበቀ ሆኖ፣ ባል አገር ቤት ሲመጣ በክብር መዝገብ ሹም ፊት ቀርቦ መጋባት ለማመልከቻው የተሻለ መሠረት ይሆናል፡፡

ደላላና የወረቀት ጋብቻ

መንገዱ ረጅምና ሰነዱ ብዙ በሆነበት ሁሉ ደላላ አይጠፋም፡፡ “ዲቪ” ከደረሰው ሰው ጋር በገንዘብ የወረቀት ጋብቻ ማድረግ በአገሪቱ ሲወራ የኖረ ነገር ነው፡፡ ይህ አካሄድ ለገዢውም ለሻጩም ኪሳራ ነው፡፡ የአሜሪካ ሕግ የኢሚግሬሽን ጥቅም ለማግኘት ብቻ የተፈጸመ ጋብቻን እስከ አምስት ዓመት እስራትና እስከ 250 ሺህ ዶላር ቅጣት የሚያስቀጣ ወንጀል አድርጎ ደንግጓል፡፡ ከዚህ የከፋው ግን የወደፊቱ ክልከላ ነው፡፡ በሐሰተኛ ጋብቻ አንድ ጊዜ የተገኘ ሰው፣ በኋላ እውነተኛ ትዳር ቢመሠርት እንኳ የትዳር አጋሩ የሚያስገባለት ማመልከቻ ተቀባይነት አያገኝም፡፡

ኦፊሴላዊው ክፍያ በደረሰኝ የሚፈጸምና አስቀድሞ የሚታወቅ ነው፡፡ እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 2024 በተሻሻለው ተመን አይ-130 በኢንተርኔት ሲገባ 625፣ በወረቀት ሲገባ 675 ዶላር የተቆረጠለት ሲሆን፣ የሚከፍለውም ስፖንሰሩ ራሱ በቀጥታ ለመሥሪያ ቤቱ ነው፡፡ በቆቦም ሆነ በወልዲያ “ጉዳዩን አስጨርሳለሁ” ብሎ ገንዘብ የሚቀበል ሰው የሚሸጠው በእጁ የሌለ ነገር ነው፡፡ በሬ ሸጦ ወይም መሬት አከራይቶ ለእንዲህ ያለው ሰው የሚከፍል ቤተሰብ ቪዛውም ገንዘቡም ይቀርበታል፡፡

በመጠበቅና በጥገኝነት መካከል

ቪዛው ቢገኝም ጉዳዩ በዚያ አያበቃም፡፡ ጥንዶቹ ወደ አሜሪካ ሲገቡ ከተጋቡ ሁለት ዓመት ካልሞላቸው የሚሰጠው ነዋሪነት ለሁለት ዓመት ብቻ የሚያገለግል ቅድመ ሁኔታ ያለበት ነው፡፡ ጊዜው ሊያበቃ በቀሩት 90 ቀናት ውስጥ ጥንዶቹ ቅጽ አይ-751ን በጋራ በመሙላት ቅድመ ሁኔታው እንዲነሳ ይጠይቃሉ፡፡ ይህ የጋራ ፊርማ በክፉ እጅ ሲወድቅ መሣሪያ ይሆናል፡፡ ቋንቋ በማታውቅበት አገር በባሏ ፊርማ ላይ የተንጠለጠለች ሴት “ወረቀትሽን አስሰርዛለሁ” የሚል ማስፈራሪያ ሲገጥማት ድብደባን በዝምታ ልትሸከም ትችላለች፡፡

ሕጉ ለዚህ መውጫ አበጅቷል፡፡ ትዳሩ በቅንነት የተመሠረተ ሆኖ በፍቺ ካበቃ ወይም ጥቃት ከተፈጸመ ያለ ባል ፊርማ ብቻን ማመልከት ይቻላል፡፡ እ.ኤ.አ. በ1994 የወጣው በሴቶች ላይ የሚፈጸም ጥቃትን የሚመለከተው ሕግም ተጠቂዋ፣ ተጠቂው ወንድም ቢሆን፣ በራሱ ስም እንዲያመለክት ይፈቅዳል፡፡ ካናዳ በበኩሏ እ.ኤ.አ. በ2012 ያስገባችውን የሁለት ዓመት ቅድመ ሁኔታ በ2017 የሰረዘችው ተጠቂዎችን በጥቃት ውስጥ ያቆያል በሚል ነው፡፡ ከቆቦ የምትነሳ ሙሽራ ከሻንጣዋ ጋር ይህን እውቀት ይዛ ብትሄድ ይበጃታል፡፡

ሰነድ ተሟልቶም ቢሆን በሩ የሚከፈተውና የሚዘጋው በባለ አገሩ ፈቃድ መሆኑም መዘንጋት የለበትም፡፡ እ.ኤ.አ. በማርች 2020 የአሜሪካ ኤምባሲዎች በኮሮና ወረርሽኝ ሳቢያ መደበኛ የቪዛ አገልግሎታቸውን አቋርጠው ነበር፡፡ በጥር 2018 ዓ.ም. ደግሞ የአሜሪካ ውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት ኢትዮጵያን ጨምሮ ለ75 አገሮች ዜጎች የስደተኛ ቪዛ መስጠቱ ከጥር 13 ቀን ጀምሮ ለጊዜው እንዲቆም መወሰኑን አስታውቋል፡፡ ለውሳኔው የቀረበው ምክንያት የሚመጡት ሰዎች የመንግሥት ድጎማ ሸክም እንዳይሆኑ የሚል ነው፡፡ እንዲህ ያለው ውሳኔ የትዳር አጋሮችን ሳይቀር በጥበቃ ያቆያል፡፡ በመሆኑም ቪዛው ነገ ይመጣል በሚል ተስፋ ሥራ የሚያቆም፣ እርሻ የሚተው ወይም ልጅ ከትምህርት የሚያስቀር ቤተሰብ የሚጎዳው ሁለት ጊዜ ነው፡፡

ከቀበሌው የሚጠበቀው

የቪዛ ውሳኔ በቆቦ እጅ ላይ አይደለም፡፡ የጋብቻ መዝገቡ ግን በቆቦ እጅ ላይ ነው፡፡ ሽማግሌዎች፣ ካህናትና የመስጊድ ኢማሞች ጋብቻውን ከመረቁ በኋላ ጥንዶቹ በ30 ቀናት ውስጥ ወደ ቀበሌ እንዲሄዱ ቢያሳስቡ፣ ብዙ ትዳር ከዓመታት መጉላላት ይድናል፡፡ የቀበሌ የክብር መዝገብ ሹሞችም የስም አጻጻፍን ከመታወቂያና ከፓስፖርት ጋር አመሳክረው ቢመዘግቡና ነባር ጋብቻዎችን የማስመዝገቡን ሥራ ቢያጠናክሩ የሚያስገኘው ጥቅም ከፍተኛ ነው፡፡

ምዝገባው የሚጠቅመው ለሚሄደው ብቻ አይደለም፡፡ ባል ባሕር ማዶ ቢሞት፣ ቢፋታ ወይም ደብዛው ቢጠፋ የሚስትን የንብረትና የልጆችን የውርስ መብት የሚያስረዳው ያው መዝገብ ነው፡፡ የራያ ቆላ ሽማግሌ ትዳርን በቃሉ ሲያጸና ኖሯል፡፡ የዛሬው ትዳር በሁለት አገሮች መካከል የሚኖር በመሆኑ ቃሉ በቀበሌው መዝገብ ላይም ሊሰፍር ይገባል፡፡